የእማማ ዘነበች ውሃ

ሸማቾች ሱቅ ስኳር ገብቷል ሲባል ፌስታሌን ይዤ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ወረድኩ። ሰልፉ ከበሩ አልፎ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። ሲዘንብ ስላደረ ጆንያዎቹን እርጥበት ነክቷቸው ያንን ሽታ ያወጣሉ፤ ትንሽ ያረረ፣ ትንሽ የኮመጠጠ፣ ጣፋጭ ጭቃ ቢኖር እንደሱ የሚሸት። ሽታውን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት ሙሉ ከጣቶቼ አልለቀቀም ነበር።

ከፊቴ የተሰለፈችው አስካለ ናት፤ ከእኔ ሥር ባለው ፎቅ የምትኖረው። ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ከገባሁ ጀምሮ ከእሷ ጋር አልተስማማንም። ያጠብኩት ልብስ በረንዳዋ ላይ ይንጠባጠባል እያለች ያልተናገረችኝ ነገር የለም። ያቺው አስካለ ዞር ብላ አየችኝና "ነይ፣ እዚህ ጋ ግቢ" ብላ ከፊቷ አስገባችኝ። ቁጣ የለ፣ ግልምጫ የለ።

ሌላ ሴት ብትሆን አመስግና ትገባ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ልጄ ናሆም የጭነት መኪና እየነዳ ወደ ሩቅ አገር ከወጣ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው። ኔትወርክ የሌለበት ገብቶ ነው ይሉኛል። አሠሪውም እንደዚያ ይለኛል፣ ጓደኞቹም እንደዚያ ይሉኛል፣ ሁሉም በአንድ ቃል። የመንገዱን ነገር ደግሞ ሁሉም ሰው ይሰማል፤ እኔ ስመጣ ግን ወሬው ይቆማል። በዚህ መሃል ስትቆጣኝ የኖረች ጎረቤት በድንገት ስትለሰልስብኝ ልቤ ወዴት እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው። ስኳሩን ሳልገዛ ከሰልፉ ወጥቼ ተመለስኩ።

ምን እንዳስፈራኝ ለሰው ባወራው ይስቅብኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እንዳመጣልኝ ነው የምጽፈው።

ያደግኩበት ግቢ ከዚሁ ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ላፍቶ በሚወስደው በኩል ነበር። ያኔ ፎቅ የሚባል የለም። ሜዳ ነው፣ የገበሬ ማሳ ነው፣ ከዚያ አንድ የቆርቆሮ በር አለ፣ በሩ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ የጭቃ ቤቶች። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ይሄዳል፣ ይቆያል፣ ይመጣል። ሲመጣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ቴምር ይዞልኝ ይመጣል። በግቢው መጨረሻ ባለው ቤት ደግሞ እማማ ዘነበች ይኖሩ ነበር፤ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ ብድግ ብሎ የሚቀበላቸው ሴት።

መርዶ ሲነገር እሳቸው ሳይኖሩ አይሆንም ነበር። የሚናገሩት እሳቸው አይደሉም፤ የሚናገሩት የዕድሩ ሽማግሌዎች ናቸው። እሳቸው የሚይዙት ውሃውን ነው። ሰው መርዶ የሚረዳው ገና ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀምስ ነው፤ ጮሆ ጮሆ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ይወድቃል። ያን ጊዜ እማማ ዘነበች በአንድ እጃቸው አንገቱን ደግፈው በሌላው ብርጭቆውን ከከንፈሩ ያገናኙለታል። ውሃ ይመስላል። ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ነው።

የዚያን ክረምት ትምህርት ተዘግቶ ነበር፣ እናቴም ልትወልድ ደርሳለች። ቤት ውስጥ ከእግሬ ሥር ውጪልኝ ስትለኝ እማማ ዘነበች ለእኔ ስጪኝ ብለው ወሰዱኝ። የፈለጉኝ ለዓይኔ ነው። የእሳቸውን ዓይን ሞራ ለብሶት የቀረበውን ነገር እንደ ጥላ ነበር የሚያዩት። ስሜን ትተው "የኔ ዓይን" ነበር የሚሉኝ። "የኔ ዓይን፣ ነይ እስቲ፣ አልቋል?" ሲሉ ጠርሙሱን ወደ በሩ ብርሃን አንስቼ ሥሩን አይና አልቋል ወይም ገና ነው እላለሁ።

ሥራችን እንዲህ ነው። አመሻሹ ላይ ውሃ አፍልተው ያቀዘቅዙታል። ለብ ሲል አንገቱ ረዘም ያለ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ እሞላለሁ። ጋዜጣ ጠቅልዬ በእሱ በኩል ስኳሩን አፈሳለሁ። ያኔ የምናገኘው ስኳር ፍሬው ትልልቅ ነበር። ሲወርድ ከኋላው ጭስ የመሰለ ነገር ይጎትታል፤ ጭስ እንዳይባል ቀለም የለውም፣ ውሃ ውስጥ ሌላ ውሃ የሚጠማዘዝ ይመስላል። ሥር ሄዶ ይከመራል። ስነቀንቀው ይነሳል፣ ይሽከረከራል፣ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ የለም።

መጀመሪያ ቀን ጠርሙሱን ገልብጬ ቂጡን ሁሉ አየሁት፤ አንድ ቦታ ተለጥፎ የተደበቀ መስሎኝ።

"እማማ፣ የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም። አለ።"

"አይታይም እኮ።"

"እንዳይታይ አይደል እንዴ የምንለፋው።"

ብርድ በሆነ ቀን ቶሎ አይሟሟም። ጠርሙሱን ብብቴ ሥር ይዤ እቀመጣለሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ ትንሽ ቢቀር ምን አለበት አልኳቸው፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው። እንዝርታቸውን አቆሙ። ሰው በማለዳ ስኳሩ የሚታይ ውሃ ይዘን ስንገባ ካየ ምን ይዘንበት እንደመጣን ያውቃል አሉኝ። "ከሰው አፍ ነው መስማት ያለበት፤ ከብርጭቆ አይደለም።"

ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን አልብሰውኝ እስከ ሰዎቹ በር እወስዳቸዋለሁ። ከዚያ ጠርሙሱን ይቀበሉኝና እኔ ውጭ እቆማለሁ። ጉርምርምታ ይሰማል። ከዚያ ጩኸቱ ቤቱን ይሰነጥቀዋል። እኔ እንግዲህ የሰዎቹን ንግግር አልሰማሁም፤ የማውቀው እማማ ዘነበች ውሃ ይዘው መግባታቸውን ነው። ስለዚህ የሚያስለቅሳቸው ውሃው ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ከጠርሙሱ በክዳኑ ቀንሼ ቀመስኩና ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ልቅሶው እስኪመጣብኝ ጠበቅኩ። ጣፈጠኝ እንጂ አልመጣም። ምናልባት ለትልልቅ ሰው ነው የሚሠራው ብዬ ተነሳሁ።

የቀመስኩበት ቦታ ላይ ጠብ ያለ ነበር። ቢያዩት ውሃ ነው፣ ዝናብ ያጎደፈው ደጃፍ ነው። ተመልሼ ሳየው ጉንዳን ከብቦታል። ጉንዳኖቹ አልተታለሉም።

እናቴ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሴት ልጅ ወለደች። አባቴ ከዚያ በፊት ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስ ሕፃን ታቅፎ እንደሚያስተኛት፣ በናፍጣ እጁ አትንካት እንደምትለው እናቴ እየሳቀች ታወራ ነበር። እሱ ግን ቆየ። አባቴ በአሰብ መንገድ አንድ ቁልቁለት ላይ ከመኪናው ጋር ገደል መግባቱን፣ እዚያው መቀበሩን ግቢው የሰማው እህቴ ገና አይኗን በደንብ ሳትገልጥ ነው። ይሄን እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው። አራስ መርዶ አይነገራትም። ወተቷ ይደርቃል፣ ደም ይመታታል፣ አእምሮዋ ይሄዳል ይባላል። ሽማግሌዎቹ ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሳ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ብለው ተማማሉ። ወንድ በአርባ ቀኑ ነው የሚነሳው፤ ሴት ግን በሰማንያዋ። ወይዘሮ ብርቄ የምትባል ጎረቤታችን ገንፎ ይዛ መጥታ ስትወጣ በር ላይ "ምናለ ወንድ በሆነ" ብላ ስታለቅስ ሰማኋት። በእህቴ ፈንታ ተናደድኩ። ሴት ስለሆነች ንቃት መሰለኝ።

ይህቺ ብርቄ ማለት ጓሮዋ አጠገብ ካለፍን ድንጋይ የምትወረውርብን ሴት ናት። አንድ ቀን ጠራችኝ። ሮጬ ልጠፋ ስል እጄን ያዘችኝና እግሮቿ መሃል አስቀምጣ ፀጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ። ቀስ ብላ፣ ሳትጎትት። ስትጨርስ ጎመን በእቅፌ ሙሉ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ጣፈጠኝ። ባለሱቁ ከረሜላ በነጻ ይጨምርልኛል። ወተት የምታመጣልን የገበሬዋ ሴት አደ ጫልቱ፣ ጠብታ የማትመርቅ የነበረችው፣ ምርቃት ብላ ደግማ ትቀዳልናለች። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ረግጬ እንኳን ማንም አይናገረኝም፤ እናቶቻቸው በዓይናቸው ይገስጿቸዋል። አንድ ልጅ "የአንቺ አባት…" ብሎ ሲጀምር እናቱ አፉን በመዳፏ ከድና እየጎተተች ወሰደችው። እኔ ይሄን ሁሉ ያገኘሁት ታላቅ እህት በመሆኔ ነበር የመሰለኝ። ግቢው ውስጥ ኮራ ብዬ መሄድ ጀመርኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ የመጫወቻ ጠጠሬን ስትነካብኝ መታኋት፣ እናቷ ደግሞ ልጇን ተቆጣችልኝ። ይሄ እንዴት ያለ ደስ የሚል ነገር ነው ብዬ እናቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ብርቄ ፀጉሬን እንደሠራችኝ፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ባለሱቁ። እናቴ እህቴን እያጠባች ነበር። ሹሩባዬን በጣቷ ተከተለችው፣ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ።

"ሳትጎትትሽ?" አለችኝ።

"ሳትጎትተኝ።"

አባባ መቼ ነው የሚመጣው ስላት ክረምት ነው፣ ድልድይ ተቆርጦ ይሆናል አለችኝ። ለሚጠይቃትም ሁሉ እንደዚያ ነበር የምትለው። የመጡት ሴቶች እሷ ድልድይ ስትል በጣም ደስ ይላቸዋል፣ አዎ አዎ፣ ድልድይ ነው ይላሉ።

ስኳር ያኔ በራሽን ስለነበር እማማ ዘነበች ለሚሄዱበት ቤት ከየጎረቤቱ ይለመናል። እኔ ሲኒ ይዤ ከኋላቸው እሄዳለሁ። ለአንድ ቤት ነው ይላሉ፤ ሰዎቹ በቅንድባቸው የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ እሳቸው ወደሚያመላክቱት አቅጣጫ አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ትንሽ ትንሽ ያደርጋሉ። መስከረም ጠብቶ፣ እህቴን ሀና ማርያም ወስደን ክርስትና አስነስተን በተመለስን ማግስት እማማ ዘነበች ደግሞ ሲኒውን አስያዙኝ። በዚያ ቀን ማንም በቅንድቡ አልጠየቀም። ሁሉም አጎንብሶ ይሰጣል። ብርቄ ስትሰጥ ግማሹን መሬት ላይ አፈሰሰችው።

እኛ ቤት በር ላይ ስንደርስ እማማ ዘነበች ቆሙ። ሁሉም ቤት ገብተን የእኛን ብንዘል እናቴ እንደምትጠረጥር አሁን ይገባኛል። ያን ቀን የደከማቸው ነበር የመሰለኝ። ገባን። እናቴ ነጭ ቀሚሷን አውልቃ የቤት ልብስ ለብሳለች። "ለአንድ ቤት ነው ልጄ" አሏት፣ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኖ። እናቴ ተነስታ የስኳር ቆርቆሮዋን ከፈተች። የማን ቤት ነው አላለችም። ሲኒውን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችኝ፤ ከሁሉም ሰው ያስበለጠችው እሷ ነበረች።

የዚያን ዕለት አመሻሽ እንደ ልማዴ ውሃ ልሞላ ጠርሙሱን ሳነሳ እማማ ዘነበች ከእጄ ወሰዱት።

"ዛሬ እኔ እበጠብጠዋለሁ። ቤትሽ ሂጂ።"

"እርስዎ አይታይዎትም እኮ።"

"ሂጂ አልኩሽ።"

ክረምቱን ሙሉ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ከሥራዬ አባረሩኝ ብዬ ቤታቸው ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ። በጭቃው ግድግዳ በኩል ጠርሙሱ ሲነቀነቅ ይሰማኛል። ይነቀነቃል፣ ያቆማል። ደግሞ ይነቀነቃል። አልቋል ወይ ብለው የሚጠይቁት ሰው የለም።

በማግስቱ የነቃሁት በር ሲንኳኳ ነው። ገና ድንግዝግዝ ነው። የዕድሩ ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው አንድ በአንድ ገቡ፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ከሁሉም በኋላ እማማ ዘነበች በብርቄ ክንድ ተመርተው። እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ያየሁት ጠርሙሱን ነው። የእኔ ጠርሙስ። ምን ሊያደርግ እኛ ቤት መጣ?

ሽማግሌው እንደምን አደርሽ አሏት፣ ሕፃኗ እንዴት አደረች አሏት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ብርቄ ፋኖሱን ከፍ አደረገችው። እማማ ዘነበች ለመዘጋጀት ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በእጃቸው እየዳሰሱ ከጠርሙሱ ቀዱ። እኔ ያየሁትን እናቴም አየች። ስኳሩ ወርዶ ብርጭቆው ሥር ተኝቷል። የፋኖሱ ብርሃን በላዩ ላይ ያብለጨልጫል። እማማ ዘነበች ብቻ ናቸው ያላዩት፤ ብርጭቆውን በኩራት ይዘው ቆመዋል።

ሽማግሌው "እንግዲህ ልጄ፣ የሰው ልጅ…" ብለው ጀመሩ።

"እማማ" አለች እናቴ፣ "ስኳሩ አልሟሟም።"

እማማ ዘነበች ብርጭቆውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ወደ ፋኖሱ አዞሩት፣ የማያይ ዓይናቸውን አጨነቆሩ። ከዚያ እኔን መፈለግ ጀመሩ፤ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ። "የኔ ዓይን" አሉ። "የኔ ዓይን፣ የት ነሽ?" ተነስቼ ሄድኩና ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰድኩ። ማንኪያ አልነበረኝም። በጣቴ በጠበጥኩት። ሁሉም ቆመው እየጠበቁኝ፣ ጭሱ እየተጠማዘዘ፣ ፍሬው እየሳሳ፣ እስኪያልቅ። አልቋል አልኩ። ያን ጊዜ ነው እናቴ የጮኸችው። ሽማግሌው ቃላቸውን አልጨረሱትም።

ለእናቴ ውሃውን ማን እንዳጠጣት አላስታውስም። ጣቴን ግን አስታውሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው እየገባ እየወጣ፣ ድንኳን እየተተከለ፣ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ይጣበቁ ነበር።

ሐዘኑ ትንሽ ጋብ ሲል፣ እናቴ ጥቁር ለብሳ በረንዳ ላይ ፀጉሬን እያበጠረች ነገረችኝ። የአባቴን ሞት ያወቀችው ብርቄ ፀጉሬን የሠራችኝ ቀን ነው።

"አውቀሽ ስኳሩን ሰጠሽን?"

"ምን ላድርግ። ለኔ ነው፣ ይቅርብኝ ልበላቸው?"

ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። ወተቷ እንዳይደርቅ ብላ ነው። ካላወራሁት አልሆነም ብላ ነው። እነሱም ለወተቱ ብለው ዝም አሉ፣ እሷም ለወተቱ ብላ ዝም አለች፣ ክረምቱን ሙሉ ድልድይ ድልድይ ሲባባሉ ከረሙ። "አንድ ሰው እንኳን ቢቆጣኝ ኖሮ" አለችኝ፣ "አንድ ሰው፣ አፈር ብይ ቢለኝ፣ ተስፋ አደርግ ነበር።"

ከሰልፉ ወጥቼ የተመለስኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያንኳኩ እየፈራሁ ነው የምከፍተው። ጎረቤት ውሃ ሲሰጠኝ ወደ መስኮቱ አንስቼ ሥሩን አያለሁ። ምን ገባበት ይሉኛል፤ ትንኝ የመሰለኝ ነበር እላቸዋለሁ። ዘበኛው "እናቴ" ብሎ ጀሪካኔን ሲሸከምልኝ እጁን ገፍቼ ቀማሁት። ደግ አትሁኑብኝ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ዛሬ ጠዋት የናሆምን ሸሚዞች አጠብኩ። የቆሸሹ አይደሉም፣ ግን ሲመጣ ንጹሕ ለብሶ እንዲቀመጥ ብዬ ነው። እጄ ጉልበት ስለሌለው በደንብ ሳልጨምቅ ሰቀልኳቸው። ብዙም አልቆየ፣ ከሥር ድምፅ መጣ።

"አንቺ ሴትዮ! ክረምቱ አልበቃኝ ብሎ ነው አንቺ የምትጨምሪብኝ? በርበሬ አስጥቻለሁ እኮ! ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ፣ ወይስ ጆሮሽን ሐኪም ይየው?"

የበረንዳውን ብረት ይዤ ወደ ታች ተንጠለጠልኩ። አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ታንጋጥጣለች፤ ፊቷ ቀልቷል። ፊቷን ደጋግሜ አየሁት። ንዴት ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም።

"አስካለ" አልኳት፣ "ሰልፍ ላይ ለምንድን ነው ያስቀደምሽኝ?"

"እግርሽ አብጦ አይቼ ነዋ! ደግሞ ለእሱም ልትጣይኝ ነው? ጭመቂው አልኩሽ፣ በርበሬዬን አበሰበሽው!"

እሺ እህቴ፣ እጨምቀዋለሁ አልኳት። እሺ ስላት ደነገጠች መሰለኝ፣ እያጉረመረመች ገባች። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አውርጄ እንደገና ጨመቅኳቸው፤ እስኪደርቁ፣ እጄ እስኪቀላ። የመጨረሻውን፣ ያንን አርብ አርብ የሚለብሰውን ሰማያዊውን ግን እንደረጠበ ጥግ ላይ ሰቀልኩት። በርበሬው ላይ አይደርስም። በረንዳዋ ላይ ግን ይንጠባጠባል፣ ነገም ወጥታ ትጮህብኛለች።